«ዋሻ ልገባ ነው» ለሚል ልጅ የሚቀርብ ጥያቄ

ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የተጓዛችሁ ሁሉ አዲስ ቅዳምን ሳታዩ አላለፋችሁም። በአዊ ዞን፣ በእንጅባራና በዳንግላ መካከል፣ አውራ ጎዳናውን ተከትላ የተቆረቆረች ከተማ ናት። እንደ ስሟም የቅዳሜ ገበያዋ ደማቅ ነው። ድንቹ በክምር፣ ጤፉና ገብሱ በጆንያ፣ ከሰሉ በማዳበሪያ ተሰልፎ ይውላል። በአንድ የሚያዝያ ቅዳሜ በዚህ ገበያ ስዘዋወር በርበሬና ሽሮ የምትሸጥ አንዲት እናት ጋዜጠኛ መሆኔን ሰምታ በእጇ ጠራችኝና ከአጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«እኅቴ፣ አንቺ አገር ያየሽ ነሽና አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለችኝ። «የመጀመሪያ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ነው። ትናንት ማታ ደወለና ‹ከጓደኞቼ ጋር ባሌ ሄደን ሶፍ ዑመር የሚባል ዋሻ ልንገባ ነውና መርቂኝ› አለኝ። እኔ ዋሻ ሲባል የማውቀው መናኝ የሚጸልይበትን ወይም ጅብ የሚያድርበትን ነው። በውስጡ ወንዝ ያልፋል፣ ወንዙንም እንሻገራለን ሲለኝ ልቤ ራደ። ልመርቀው ወይስ ልከልክለው?»

ይህ ጥያቄ የእርሷ ብቻ አይደለም። የብዙዎቻችን ልጆች በትምህርት ቤት ክበብ፣ በመሥሪያ ቤት ማኅበር ወይም እንዲሁ በጓደኝነት ተሰባስበው ጉዞ ይወጣሉ። አገርን ማወቅ መልካም ነው። እኛ እናቶች ግን በዚህ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የምንጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ «ገንዘቡ ስንት ነው?» እና «መቼ ትመለሳለህ?»። ለሠርግ ወይም ለንግሥ ጉዞ ይህ ይበቃ ይሆናል። ከመሬት በታች ለሚደረግ ጉዞ ግን አይበቃም። ስለዚህ በዚያ ዕለት ከበርበሬው ጆንያ ጎን ተቀምጠን ከዚያች እናት ጋር የተነጋገርንበትን ጉዳይ እናንተም ትነጋገሩበት ዘንድ እነሆ አቅርቤዋለሁ።

ወንዝ የሚያልፍበት ዋሻ

ለመሆኑ ወንዝ የሚያልፍበት ዋሻ እንዴት ይገኛል? የአዊ አገር ድንጋይ በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው። የእንጅባራ ጎረቤት የሆነው የዘንገና ሐይቅ ራሱ የተኛው በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ነው። የምሥራቅ ባሌ ድንጋይ ግን ሌላ ነው። አገሩ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት በባሕር ተሸፍኖ ሳለ ከባሕሩ ወለል ላይ እየተነባበረ የተሠራ የኖራ ድንጋይ ነው።

የዝናብ ውኃ በአየርና በአፈር ውስጥ ሲያልፍ በመጠኑ ይኮመጥጣል። ይህ ኮምጣጣ ውኃ የኖራ ድንጋይን ስንጥቅ እየተከተለ ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። ስኳር በሻይ ውስጥ ሲሟሟ እንደምናየው ማለት ነው፤ ልዩነቱ የድንጋዩ መሟሟት እጅግ ብዙ ሺህ ዓመታት የሚፈጅ መሆኑ ነው። ስንጥቁ ሰፍቶ ቀዳዳ፣ ቀዳዳው ሰፍቶ መተላለፊያ ይሆናል። ወንዝ ሲገባበት ደግሞ አሸዋና ጠጠር እያንከባለለ ይበልጥ ይፈለፍለዋል።

ከባሌ ተራሮች የሚነሣው የወይብ ወንዝም ሶፍ ዑመር ላይ ሲደርስ ያደረገው ይህንኑ ነው። ዐለቱን ሰርስሮ ከመሬት በታች ይገባና ራቅ ብሎ ይወጣል። ስፍራው ስሙን ያገኘው በዚያ እንደ ተጠለሉና እንደ ጸለዩ ከሚነገርላቸው ከሼህ ሶፍ ዑመር ሲሆን፣ እስከ ዛሬም በምእመናን ዘንድ የተከበረ ነው። አሜሪካዊው ተጓዥ ዶናልድሰን ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1894 አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ1967 ክላፋምና ሮብሰን የተባሉ ሁለት ሰዎች ስለ ዋሻው የጻፉትን መጽሐፍ በዘመኑ የነበረው የኢትዮጵያ ቱሪስት ድርጅት አሳትሞታል። እ.ኤ.አ. በ1972 የመጣ የእንግሊዝ የዋሻ አጥኚዎች ቡድን ደግሞ ለክቶ 15.1 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 42 መግቢያዎች እንዳሉት መዝግቧል።

ዋናው መንገድ ሰፊ ነው፤ እንደ ቤተ መንግሥት አዳራሽ ዓምዶች የቆሙበት ስፍራም አለው። ሆኖም ዋሻውን ከዳር እስከ ዳር ለማቋረጥ ወንዙን 7 ጊዜ ያህል መሻገር ያስፈልጋል። ከዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ያሉት መተላለፊያዎችም እንደ አሮጌ ሰፈር ጉራንጉር እርስ በርሳቸው የተጠላለፉ ናቸው። ስፍራውን በሚያውቅ ሰው ካልተመሩ በቀር የገቡበትን ማጣት ቀላል ነው።

ሰማዩ ጠርቶ ወንዙ ሲሞላ

ይህን ስነግራት ያች እናት ጥቂት አሰበችና «እንግዲያው ደግ ነው፤ አሁን በጋ ስለ ሆነ ወንዙ ጎድሎ ይጠብቃቸዋል» አለችኝ።

አንባብያን ሆይ፤ ብዙዎቻችንን ሊያሳስት የሚችለው ይህ ነው። በአዊ ዝናቡ የሚበረታው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። የሚያዝያ ሰማይ በአዲስ ቅዳም ጠርቶ ሲታይ በሌላውም አገር የጠራ ይመስለናል። በባሌ ግን በመጋቢት፣ በሚያዝያና በግንቦት የበልግ ዝናብ ይጥላል። የወይብ ወንዝ ወላጆች የሆኑት የባሌ ተራሮች ደግሞ ከፍታቸው በቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ይደርሳል። በእነዚያ ተራሮች ላይ ማታ የጣለ ዝናብ ቁልቁል ሲጓዝ ቆይቶ፣ ሶፍ ዑመር ላይ ፀሐይ ወጥታ ሳለ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ የዋሻው መግቢያ ላይ ቆሞ ሰማዩን ቀና ብሎ ማየት ብቻ ዋስትና አይሆንም።

«ይህንስ እኔም አውቀዋለሁ» አለችኝ ፈጠን ብላ። «ክረምት ከገበያ ስንመለስ እኛ ዘንድ ጠብታ ሳይወርድ ወንዙ ደፍርሶ፣ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክሞ ይመጣል። ላይኛው አገር ዘንቧል ማለት ነው። ያን ጊዜ የቸኮለ ይሻገርና ይወሰዳል፤ ያልቸኮለ አህያውን አራግፎ ቁጭ ይላል።»

እንዲህ ናት እንግዲህ። ደራሽ ውኃ የምንለውን የማታውቅ የገጠርም ሆነ የትንሽ ከተማ እናት የለችም። የዋሻ አሳሾች በትምህርት የሚማሩት ትልቁ ነገር እርሷ በአህያ መንገድ ላይ የተማረችው ነው። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው። ሜዳ ላይ ደራሽ ሲመጣ ሮጦ ዳገት መውጣት ይቻላል። ጣሪያው እስከ ደረት ዝቅ ባለ መተላለፊያ ውስጥ ግን ወዴት ይወጣል? አበው «እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውኃ» የሚሉት ለዚህ ዓይነቱ ነው። ሲገቡ ቁርጭምጭሚት የነካ ውኃ ሲመለሱ መንገዱን ሊደፍነው ይችላል።

የአሥራ ሁለቱ ልጆችና የአሠልጣኛቸው ነገር

ነገሩ በቃል ብቻ እንዳይቀር ዓለም ሁሉ በጭንቀት የተከታተለውን አንድ ታሪክ ላስታውሳችሁ። ሰኔ 16 ቀን 2010 ዓ.ም. በሰሜን ታይላንድ 12 የእግር ኳስ ተጫዋች ልጆች ከልምምድ በኋላ ከ25 ዓመት ወጣት ረዳት አሠልጣኛቸው ጋር ታም ሉዋንግ ወደሚባል ዋሻ ገቡ። ትንሹ ልጅ 11 ዓመቱ ነበር። በመግቢያው ላይ በዝናቡ ወራት መግባት አደገኛ መሆኑን የሚገልጽ ማስታወቂያ ነበር፤ ዝናቡ ግን በማስታወቂያው ላይ የተጻፈውን ወር አልጠበቀም። ከኋላቸው ውኃው ሞልቶ መመለሻውን ዘጋባቸው፤ እነርሱም እየሸሹ ወደ ውስጥ ገቡ።

እናቶች፣ እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። በዚያ ምሽት ልጆቹ ከቤት ሲቀሩ ወላጆች ለዋናው አሠልጣኝ ደጋግመው ስልክ ደወሉ። አሠልጣኙም ጠያይቆ በዕለቱ አብሯቸው ያልሄደ አንድ የቡድኑ ልጅ አገኘ። ወደ ዋሻው እንደ ሄዱ የነገረው ይህ ልጅ ነው። ሰዎች ሮጠው ሲደርሱ ብስክሌቶቻቸውና ቦርሳዎቻቸው በመግቢያው አካባቢ ተቀምጠው አገኙ። ያ አንድ ልጅ ባያውቅ ኖሮ ፍለጋው የት ይጀመር ነበር?

ልጆቹ የተገኙት በ10ኛው ቀን፣ ሰኔ 25፣ ከመግቢያው 4 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው በአንድ ከፍ ያለ ጭቃማ ስፍራ ላይ ተጠልለው ነው። ያገኟቸው ስታንተንና ቮላንተን የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ጠላቂ ዋናተኞች ናቸው። እስከዚያ ድረስ ምግብ አልቀመሱም፤ ከዐለቱ የሚንጠባጠበውን ውኃ ብቻ ይጠጡ ነበር። አሠልጣኙ ኃይላቸውን እንዲቆጥቡና አእምሯቸውን እንዲያረጋጉ አድርጓቸዋል። ፓምፖች ሌት ተቀን ውኃ ሲቀዱ ሰነበቱ። ከ10 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች በሥራው ተሳተፉ። በመጨረሻም እያንዳንዱ ልጅ በመድኃኒት ተኝቶ፣ የመተንፈሻ ጭምብል ፊቱ ላይ ታስሮለት፣ በጠላቂዎች እጅ በጨለማው ውኃ ውስጥ እየተጎተተ ወጣ። ሐምሌ 3 ቀን የመጨረሻዎቹ ሲወጡ 18ኛ ቀናቸው ነበር። አሥራ ሦስቱም ተረፉ።

ያልተረፈም አለ። ሳማን ኩናን የተባለ የቀድሞ የባሕር ኃይል ባልደረባ የአየር ሲሊንደር አድርሶ ሲመለስ ሰኔ 29 ቀን ሞተ። ሌላው ጠላቂ ቤይሩት ፓክባራ ደግሞ በሥራው ላይ ሳለ በያዘው የደም መመረዝ ከዓመት በላይ ታምሞ በ2012 ዓ.ም. ዐረፈ። እነርሱም የእናት ልጆች ነበሩ። ልጅ የሚገባበት አደጋ የሌላውንም ልጅ አብሮ እንደሚጠራ ማስታወስ ያስፈልጋል።

ልጆቹ ገና ከዋሻው ሳይወጡ ጠላቂዎቹ ከወላጆች ወደ ልጆች፣ ከልጆች ወደ ወላጆች ደብዳቤ ያመላልሱ ነበር። አሠልጣኙ ወላጆችን ይቅርታ ጠየቀ፤ ወላጆችም ራሱን እንዳይወቅስ ጻፉለት። በዚያች ሰዓት ቁጣ ልጅን ከውኃ እንደማያወጣ ያውቁ ነበር። እኛም ልጆቻችን ሲሳሳቱ ቁጣችን ምን እንደሚያወጣና ምን እንደሚደብቅ ማሰብ ያለብን ይመስለኛል።

ጠባቡን ያለፉ ስድስት ሴቶች

ይህን ያነበበች እናት «እንግዲያው ልጄ የዋሻ ደጅ አይርገጥ!» ትል ይሆናል። ነገር ግን ችግሩ መግባቱ ብቻ አይደለም፤ አገባቡም ነው።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2013 በደቡብ አፍሪካ፣ ከጆሃንስበርግ ብዙም በማይርቅ «ራይዚንግ ስታር» በሚባል ዋሻ ውስጥ የጥንት ሰው መሰል ፍጥረት አጥንቶች ተገኝተው ነበር። አጥንቶቹ ወዳሉበት ክፍል ለመድረስ 12 ሜትር ያህል ቁልቁል የሚወርድ ስንጥቅ ማለፍ ግድ ነው። ይህ ስንጥቅ በጠበበበት ቦታ ስፋቱ 18 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። እናቶች፣ እጃችሁን ዘርግታችሁ በስንዝራችሁ ለኩ፤ ከአንድ ስንዝር እምብዛም አይበልጥም! ራስን ወደ ጎን አዙሮ፣ ትንፋሽን አውጥቶ፣ ደረትን አጥብቦ ካልሆነ በቀር አይታለፍም።

ይህን ሥራ ለመሥራት ፕሮፌሰር ሊ በርገር ቀጭን ሰውነት፣ የሳይንስ ዕውቀትና የዋሻ ልምድ ያላቸውን ሰዎች በማስታወቂያ ጠራ። የተመረጡት ስድስቱም ሴቶች ሆኑ። ከእነርሱም መካከል በመጀመሪያ የወረደችው ካናዳዊቷ ማሪና ኤሊየት ናት። እነዚህ ሴቶች በደረታቸው እየተሳቡ፣ ጭቃ እየለበሱ ከ1,500 የሚበልጡ አጥንቶችና ጥርሶች ከተገኙበት ሥራ ዋናውን ድርሻ አበረከቱ። ግኝቱ እ.ኤ.አ. በ2015 «ሆሞ ናሌዲ» በሚል ስም ለዓለም ሲገለጥ የሉሲ አገር ሰዎች የሆንን እኛም በደስታ ሰምተነዋል።

እነዚህ ሴቶች በሰላም የወጡት ደፋሮች ስለ ነበሩ ብቻ አይደለም። ወደ ታች ገመድና የመነጋገሪያ ሽቦ ተዘርግቶላቸው ነበር። ላይ የተቀመጡት ባልደረቦቻቸው በካሜራ ያዩአቸውና ድምፃቸውን ይሰሙ ነበር። በአስቸጋሪው መንገድ ላይ የሚረዷቸው ልምድ ያላቸው አሳሾችም ነበሩ። በዚያ ዋሻ ውስጥ ጠባቡን መንገድ ብቻውን የሚያልፍ አልነበረም። እኛ ዘንድ ግን ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ብቻውን የሚገባ ወጣት ጀግና ተብሎ ሲጨበጨብለት እናያለን።

ለልጆቻችሁ የምትነግሩት አንድ ነገር እዚህ አለ። በጠባብ ቦታ የተያዘ ሰው ሲደነግጥ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ ደረቱ ይነፋል፤ ይበልጥም ይጣበቃል። መንፈራገጥ አይረዳውም። ዝም ብሎ ጥቂት ማረፍ፣ ቀስ ብሎ ትንፋሽን ማውጣት፣ በመጣበት አቅጣጫ በጥቂት በጥቂቱ መመለስ ነው መፍትሔው። አጠገቡ ያለው ጓደኛም መጮኽና መጎተት ሳይሆን በለሆሳስ እያነጋገረ ማረጋጋት ይገባዋል። «አልችልም፣ እመለሳለሁ» ያለውንም ልጅ ሌሎቹ ሊስቁበት አይገባም።

ብርድ፣ ጭስና ስብራት

ከውኃውና ከጥበቱ ሌላ ሦስት ነገሮችን አንርሳ።

አንደኛው ብርድ ነው። በውጭ ፀሐይ ቢያቃጥልም የረጠበ ልብስ ለብሶ በጨለማ ውስጥ ለሰዓታት የቆየ ሰው ሙቀቱ ይወርዳል። ይንቀጠቀጣል፤ ጣቶቹ አልታዘዝ ይሉታል፤ ቆይቶም ሐሳቡ ይዘበራረቃል። የጥጥ ልብስ ሲርስ ይከብዳል፣ ያቀዘቅዛልም። ጋቢ ለብሶ ዝናብ የመታው ሰው ይህን አይስተውም። የሱፍ ልብስ ግን ቢርስም እንኳ ሙቀት ይይዛል። የጎጃም እረኛ ባናውን የማይለየው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሁለተኛው ጭስ ነው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የተቀጣጠለ ከሰል ቤተሰብ እንደሚፈጅ ሁላችንም እናውቃለን። ዋሻም የተዘጋ ክፍል ነው። ስለዚህ በውስጡ እሳት፣ ከሰል ወይም ችቦ ማንደድ አይገባም። የሌሊት ወፍ በሚኖርበት ዋሻ ውስጥም ወፎቹን መንካት፣ ኩሳቸውን መዳሰስና አቧራውን መተንፈስ ለበሽታ ይዳርጋል። እ.ኤ.አ. በ2008 በዩጋንዳ የሌሊት ወፍ የሞላበት ዋሻ የጎበኘች አንዲት የሆላንድ ሴት ወደ አገሯ ከተመለሰች በኋላ ማርበርግ በተባለው በሽታ ሞታለች።

ሦስተኛው ስብራት ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ኤሚሊ ዴቪስ ሞብሊ የተባለች ልምድ ያላት አሜሪካዊት አሳሽ በኒው ሜክሲኮ ለቹጊያ በሚባል ጥልቅ ዋሻ ውስጥ ሳለች ድንጋይ ተንዶ እግሯን ሰበራት። ከቤት ደጃፍ ላይ ቢሆን ኖሮ በአንድ ሰዓት ሐኪም ቤት የምትደርስ ነበረች። እርሷን ግን በቃሬዛ ከዋሻው ለማውጣት ከ100 በላይ ሰዎች 4 ቀን ደክመዋል። እንግዲህ ገመድ፣ ቃሬዛና የሠለጠነ ሰው በሌለበት ስፍራ አንድ ወለምታ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ገምቱት።

ምን እንጠይቅ?

ስለዚህ «ዋሻ ልገባ ነው» ለሚለን ልጅ የምናቀርበው ጥያቄ የሚከተለው ቢሆን መልካም ነው።

ወንዙ ከየት ይመጣል? በዚያ አገር ዝናቡ የሚጥለው በየትኛው ወር ነው? ባለፉት ቀናት በላይኛው አገር ዘንቧል ወይ? ይህን የሚመልሰው የአገሩ ሰው ነው፤ ስለዚህ ሳይነሡ አስቀድሞ ወደ ስፍራው መደወል ያስፈልጋል።

የሚመራችሁ ማን ነው? ስፍራውን የሚያውቅ የአካባቢው አስጐብኚ ከሌለ መግባት የለም። አስጐብኚው «ዛሬ አይሆንም» ካለ ደግሞ መኪና ተከራይተናል፣ ሩቅ መጥተናል ብሎ መከራከር አይገባም።

ስንት ናችሁ? ከአራት ማነስ የለባችሁም። አንዱ ቢጎዳ አንዱ አብሮት ይቆያል፤ ሁለቱ ለእርዳታ ይወጣሉ።

ስንት መብራት ይዘሃል? ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት መብራትና መለዋወጫ የባትሪ ድንጋይ ያስፈልጋል። አንዱ ራስ ላይ የሚታሰር ቢሆን እጅ ነጻ ይሆናል። የስልክ መብራት ከእነዚህ አንዱ ሆኖ አይቆጠርም፤ ውኃ ከነካው ያበቃለታል።

ራስህን ምን ይሸፍነዋል? እግርህንስ? ጠንካራ የራስ ቁርና የማያንሸራትት ጫማ ግድ ነው። ደረቅ የሱፍ ልብስ፣ ምግብና የሚጠጣ ውኃም ይያዝ።

በስንት ሰዓት ትወጣለህ? ይህ ከሁሉ ይበልጣል። ልጁ የሚገባበትን ዋሻ ስምና የሚገባበትን በር፣ የጓደኞቹንና የአስጐብኚውን ስልክ በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። በውስጥ ስልክ ስለማይሠራ «ስወጣ እደውላለሁ» የሚልበት ሰዓት ይቆረጥ። ያ ሰዓት ሲያልፍ «ይመጣል» እያሉ እስከ ነገ ማደር አይገባም፤ በዚያው ሰዓት ለአስጐብኚውና ለአካባቢው ፖሊስ መደወል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እነዚህን ጥያቄዎች መጠየቅ የምንችለው ልጁ ከነገረን ብቻ ነው። «አይሆንም!» ብቻ የሚሰማበት ቤት ያደገ ልጅ መሄዱን አይተውም፤ መናገሩን ይተዋል። «ቤተ መጻሕፍት ነኝ» ብሎ ዋሻ የገባን ልጅ ማን የት ሄዶ ይፈልገዋል? በታይላንድ ሕይወት ያተረፈው የመጀመሪያው ነገር ፓምፕና ሲሊንደር አልነበረም፤ የት እንደ ሄዱ የሚያውቅ አንድ ልጅ ነበር። በእኛ ቤት ያ ሰው እናት ብትሆን ምንኛ ይሻላል!

የስልኩ መልስ

ያች የአዲስ ቅዳም እናት ይህን ሁሉ ሰምታ ጥቂት ዝም አለች። ከዚያ እጇን በመቀነቷ ጠርጋ ስልኳን አወጣችና ልጇ ዘንድ ደወለች። ገበያተኛው ይጮኽ ስለ ነበር ጆሮዋን በነጠላዋ ሸፈነች።

«የኔ ዓለም» አለችው፤ «ወንዙ ከየት ነው የሚመጣው?»

ከወዲያ በኩል ዝምታ ሆነ። ልጁ ስለ ገንዘቡ ወይም ስለ ትምህርቱ ትጠይቀኛለች ብሎ ነበር የጠበቀው።

«አላውቀውም? እንግዲያው ጠይቀህ ደውልልኝ። አልከለከልኩህም። አውቀህ ሂድ ነው የምልህ።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስደውልላት ነገሩን አጫወተችኝ። ልጁ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ወደ ስፍራው አስደውሎ ነበር። አስጐብኚው ላይኛው አገር እየዘነበ መሆኑን፣ ወንዙም ሞልቶ የውስጡን መሻገሪያ እንደ ዘጋው ነገራቸው። ከጓደኞቹ አንዱ «ደርሰን እንየው» ብሎ ተከራክሮ ነበር፤ የቀሩት አልተስማሙም። ጉዞውን ወደ ጥር አዛውረውታል። በጥር በዚያ አገር ዝናቡ አይበረታም፤ ወንዙም ጎደል ይላል።

«ተናደደብሽ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ትንሽ» አለችኝ። «ግን አሁን በየሳምንቱ እየደወለ ምን እንዳዘጋጀ ይነግረኛል። ባትሪ ገዛሁ ይላል፤ ገመድ አገኘን ይላል። ቀድሞ ገንዘብ ሲያልቅበት ነበር የሚደውለው። እኔም የአባቱን ሹራብ እያጠብኩለት ነው፤ ሱፍ ነው።»

ውድ እናቶችና ሠራተኞች፤ ልጆቻችን አገራቸውን ይወቁ፤ ከላይም ከታችም ይዩት። ነገር ግን ተደብቀው ሳይሆን ተመርቀው ይግቡ፤ የሚወጡበትንም ሰዓት ቤት ያለነው እንወቀው።